ከሐዋሳ ሆኖ ከሩቅ ባልደረቦች ጋር መግባባት፦ የአሠራር መመሪያ

ከቤት ሆኜ መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ለሁለት ቀን ጠፋሁ። የጠፋሁት ለባልደረቦቼ እንጂ ለሥራው አልነበረም። አቶቴ ያለችው ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ አልገጥም ያለ የሂሳብ ሰንጠረዥ ከጠዋት እስከ ማታ ስፈትሽ ነበር። ጨርሼ ነው የምልከው ብዬ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊዬ ደወለች። «ደህና ነሽ? ሥራውን ተውሽው እንዴ ብለን ነበር» አለችኝ።

ቢሮ ቢሆን ኖሮ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ ያዩኝ ነበር። አንዱ ቡና ሊጠጣ ሲወጣ «ምነው፣ አልገጥም አለሽ?» ይለኝ ነበር። ማንም ምንም ሳይጽፍ ሁሉም ነገሩን ያውቅ ነበር። በርቀት ሥራ ይህ የለም። ያልተጻፈ ነገር አይታይም። ዝም ስትሉ ሰው ዝምታችሁን እንደመሰለው ይተረጉመዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ በክፉ ይተረጉመዋል።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆኖኛል። አሁን ያለሁበት ቡድን ውስጥ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ናይሮቢና በርሊን ያሉ ሰዎች አሉ። ሁላችንም በአንድ ክፍል ተሰብስበን አናውቅም። ቀጥሎ ያለው የምንሠራበት መንገድ ነው። አዲስ ሥራ የምትጀምሩ ከመጀመሪያው እርምጃ ተነሱ። ቀድሞ የገባችሁበት ከሆነ ግን በሚያስቸግራችሁ ቦታ ጀምሩ።

እርምጃ 1፦ ምን በየት እንደሚነገር ተስማሙ

ብዙ ጊዜ ጠቡ የሚነሳው ከሥራው አይደለም። መልእክቱ የት እንደገባ ስለማይታወቅ ነው። አንዱ በኢሜይል ጻፍኩ ይላል። ሌላው ቴሌግራም ላይ ሲጠብቅ ይውላል። ለሦስተኛዋ በስልክ የተነገራትን ደግሞ ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም።

በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ገጽ ጻፉና ሁሉም ይስማማበት። የኛ እንዲህ ይላል፦

አስቸኳይ ነገር በስልክ ይነገራል። ካልተነሳ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላካል።
የዕለት ሥራ በቴሌግራም ግሩፕ ይነጋገሩበታል።
ውሳኔ፣ ውልና ገንዘብ ነክ ጉዳይ በኢሜይል ይጻፋል።
ከስድስት ወር በኋላም የሚፈለግ ነገር በጋራ ሰነድ ላይ ይቀመጣል።

«አስቸኳይ» ምን ማለት እንደሆነም ጻፉ። ለኛ አስቸኳይ የሚባለው ዛሬ ካልተሠራ ደንበኛ የሚጎዳበት ነገር ነው። ይህ ካልተወሰነ ሁሉም ነገር አስቸኳይ ይሆንና ስልክ ሲጮህ ይውላል።

ቴሌግራም ላይ ግሩፑን በርዕስ መከፋፈል ይቻላል። አንዱን ለሪፖርት፣ አንዱን ለደንበኛ ጥያቄ፣ አንዱን ለጨዋታ አድርጉ። የልደት ኬክ ፎቶና የደንበኛ ቅሬታ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚጠፋው ቅሬታው ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «ኢንቦክስ አድርጊልኝ» የሚባለው ልማድ ቡድን ይከፋፍላል። ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር ተነጋግረው ይወስናሉ። ሌሎቹ ከሳምንት በኋላ በአጋጣሚ ይሰማሉ። የግል ነገር በግል ይሁን። ሥራን የሚነካ ውሳኔ ግን በኢንቦክስም ይሁን በስልክ ከተወሰነ፣ በዚያው ቀን ሁለት መስመር ሆኖ ወደ ግሩፑ ይምጣ።

ስላክ የሚባለውን የሥራ መልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ በነፃ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከ90 ቀን በፊት የተጻፈውን ማየት አትችሉም። አስፈላጊውን ወደ ሰነድ መገልበጥ ልመዱ።

እርምጃ 2፦ ሰላምታውንና ጉዳዩን አንድ ላይ ላኩ

«ሰላም»። «እንዴት አደርሽ?» ከዚያ ዝም።

ይህን ሁላችንም አድርገነዋል። ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት እኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ሰላምታውን ተዉት አልልም። ችግሩ ሰላምታው ላይ አይደለም። መጠበቁ ላይ ነው። ፊት ለፊት ሰላምታ ወዲያው ይመለሳል። በጽሑፍ ግን ሰውየው ከሁለት ሰዓት በኋላ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ይላል። እናንተ ደግሞ ያንን የምታዩት ከምሳ በኋላ ነው። ጉዳዩ ሳይነሳ ይመሻል። ተቀባዩም «ምን ሊነግረኝ ነው?» እያለ ሲጨነቅ ይውላል።

ስለዚህ ሰላምታውን ስጡና በዚያው መልእክት ጉዳዩን ጨርሱት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ሰላም፣ እንዴት አደርሽ? የጥር ደረሰኞች ደርሰውኛል፣ አመሰግናለሁ። ከቁጥር 14 እስከ 19 ያሉት ግን የሉም። እስከ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ብትልኪልኝ ሪፖርቱን ነገ ከሰዓት እዘጋዋለሁ። ከጠፉም ንገሪኝ፣ ሌላ መንገድ አብረን እንፈልጋለን።»

እዚህ ውስጥ ምን እንደደረሰ፣ ምን እንደጎደለ፣ እስከ መቼ እንደሚፈለግ፣ ለምን እንደሚፈለግና ካልሆነ ምን እንደሚደረግ አለ። ተቀባይዋ ሌላ ጥያቄ ሳታነሳ ሥራዋን መጀመር ትችላለች። በተለይ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አትርሱት። ደረሰኙ ከጠፋ ሰው አፍሮ ዝም እንዳይል በሩን የሚከፍተው እሱ ነው።

ስለ አክብሮትም ላንሳ። በቃል «ላክልኝ» ሲባል ድምፃችን ያለሰልሰዋል። ስክሪን ላይ ሲነበብ ግን ትዕዛዝ ይሆናል። «ብትልክልኝ»፣ «ሲመችሽ ብታይልኝ» ማለት ሁለት ፊደል ቢጨምር ነው። አይታችሁት የማታውቁትን ሰው ዕድሜም ሆነ ማዕረግ በፎቶ መገመት አይቻልም። በ«እርስዎ» ጀምሩ። «አንተ በለኝ» ሲላችሁ ትቀይራላችሁ። በ«አንተ» ጀምሮ ወደ «እርስዎ» መመለስ ግን ሁለቱንም ያሳፍራል። ይህ ለሴቶችም ለወንዶችም ነው። ወጣት ስለምትመስል ብቻ «አንቺ» የተባለች ኃላፊ ብትከፋ አልፈርድባትም።

አማርኛን በላቲን ፊደል የምትጽፉ ደግሞ ለሥራ ነገር ተዉት። በላቲን ሲጻፍ «ጠፋ» እና «ተፋ» አንድ ይሆናሉ። የግዕዝ ኪቦርድ ስማርት ስልክ ላይ ይጫናል። ለሁለት ሳምንት ያስቸግራል፣ ከዚያ እጅ ይለምደዋል።

የድምፅ መልእክት ለማስረዳት ጥሩ ነው፣ ለማስታወስ ግን አይሆንም። ከወር በኋላ «ያ ቁጥር ስንት ነበር?» ሲባል ድምፅ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። በድምፅ ካስረዳችሁ ቁጥሩንና ቀኑን ከሥር በጽሑፍ አስከትሉ።

እርምጃ 3፦ «እሺ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ጨምሩ

በዚህ ቃል የደረሰብንን መጉላላት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

አንድ ጊዜ አዳማ ላለው ባልደረባዬ የደንበኞች ዝርዝር እንዲልክልኝ ጻፍኩለት። «እሺ» አለ። እኔ «እሺ፣ እልካለሁ» ብሎኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ደግሞ «እሺ፣ አይቼዋለሁ» ማለቱ ነበር። ዝርዝሩ እሱ ጋ አልነበረም፤ ከሌላ ሰው መጠየቅ ነበረበት። ሁለታችንም አልዋሸንም። ግን አራት ቀን ባከነ።

የኛ «እሺ» ብዙ ነገር ይሸከማል። ሰምቻለሁ ማለት ይሆናል። ተስማምቻለሁ ማለት ይሆናል። አደርገዋለሁ ማለት ይሆናል። አንዳንዴም «አልችልም ግን ይሉኝታ ያዘኝ» ማለት ይሆናል። ፊት ለፊት ከዓይንና ከድምፅ እንለየዋለን። በጽሑፍ መለያ የለውም። የአውራ ጣት ምልክቷም እንደዚያው ናት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከ«እሺ» በኋላ ግስና ቀን ጨምሩ።

«እሺ፣ ሐሙስ እስከ 10 ሰዓት እልካለሁ።»
«እሺ፣ አይቼዋለሁ። መልሱን ነገ ጠዋት እነግርሻለሁ።»
«ገብቶኛል። ግን እኔ ጋ የለም፤ የሽያጭ ክፍሉን ጠይቄ ዛሬ ማታ አሳውቅሃለሁ።»

«እግዚአብሔር ካለ» ወይም «ኢንሻአላህ» ማለት የምታዘወትሩ ሁሌም በሉት። ቀኑን ግን አብራችሁ ጻፉ። የውጭ ባልደረባ ቃሉን ብቻ ካየ «ሳይሆን አይቀርም» ወይስ «አይሆንም» እያለ ይገምታል።

ከሁሉ የሚከብደው አልችልም ማለት ነው። ይሉኝታ ጥሩ ነገራችን ነው። ሰው እንዳይከፋ መጠንቀቅ ነው። ነገር ግን ዛሬ ላለማስከፋት ብላችሁ «እሺ» ያላችሁት ነገር ዓርብ ሲከሽፍ ያ ሰው የሚከፋው የበለጠ ነው። አልችልም ለማለት ቀና የሆነ አባባል አለ፦ «ይህን ሳምንት የወሩን መዝጊያ ይዣለሁ። ያንተን ብጨምር ሁለቱም ይበላሻሉ። ሰኞ መጀመር እችላለሁ፤ ከዘገየብህ ለሌላ ሰው እንስጠው?» ምክንያት አለው፣ ቀን አለው፣ አማራጭ አለው። በዚህ የተቆጣ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

መጥፎ ዜና ደግሞ ቶሎ ይነገር። «እየሠራሁት ነው» ሦስት ቀን ከተደጋገመ ምንም አይነግርም። «ከ12 ሰንጠረዥ 7 ጨርሻለሁ። ስምንተኛው ላይ ተይዣለሁ፤ የባንኩ ቁጥር ከኛ ጋር አይገጥምም» በሉ። ያኔ በሁለተኛው ወር ይህን ብጽፍ ኖሮ ኃላፊዬ ባልደነገጠች ነበር። ምናልባትም መልሱን በአሥር ደቂቃ ትነግረኝ ነበር።

እርምጃ 4፦ ሰዓቱንና ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ

ለናይሮቢው ባልደረባዬ በእንግሊዝኛ «ማክሰኞ በ3 ሰዓት እንገናኝ» ብዬ ጻፍኩለት። እኔ የጠዋቱን 3 ማለቴ ነበር። ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። እሱ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ገብቶ እኔን ሲፈልግ ነበር። ኬንያና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት እንኳ የላቸውም። የሚገርመው ስዋሂሊም እንደኛው ሰዓትን ከንጋት ነው የሚቆጥረው፤ «ሳአ ታቱ ያ አሱቡሂ» የጠዋቱ 3 ነው። በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ግን ወደ ውጭው አቆጣጠር ይዞራሉ። እኛም መዞር አለብን።

ከውጭ ሰው ጋር 24 ሰዓት በሚቆጥረው መንገድ ጻፉ። 15:00 ካላችሁ ማንም አይሳሳትም፤ በኛ አቆጣጠር 15 የሚባል ሰዓት የለምና። ጠዋት ላይ ግን ይህም አያድንም። 9:00 ብላችሁ ብትጽፉ አዳማ ያለው ሰው ከሰዓት 9 ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ቡድኑ ድብልቅ ሲሆን ሁሉንም ጻፉት፦ «ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት፤ በውጭ አቆጣጠር 15:00፤ በርሊን 13:00።» ይረዝማል። ግን አንድ ጊዜ ነው የሚጻፈው።

በርሊን ካነሳሁ አይቀር፣ አውሮፓውያን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ። በማርች የመጨረሻ እሁድ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ይመልሳሉ። በኛ ቀን በመጋቢትና በጥቅምት መሆኑ ነው። የኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም። ስለዚህ ከበርሊን ጋር ያለን ልዩነት በክረምታቸው ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ነው። የሳምንቱ ስብሰባ በነሱ ሰዓት የታሰረ ከሆነ በጥቅምት በድንገት በኛ ሰዓት አንድ ሰዓት ይዘገይባችኋል። ካላንደራችሁ ላይ ሁለቱን ቀኖች ምልክት አድርጉ። ጉግል ካላንደር ሁለተኛ የሰዓት ክልል ጎን ለጎን ያሳያል፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። የስብሰባ ግብዣም በካላንደር ከላካችሁ ለእያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ይደርሰዋል።

ሌሊትም ራስ ምታት ነው። «ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት» ስንል ለኛ ገና ሐሙስ አልነጋም ወይም አልፏል የሚለው ያከራክራል። አባቶቻችን «ለዓርብ አጥቢያ» ይሉ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለውጭው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ ዓርብ ገብቷል። ማስረከቢያ ቀንን ሌሊት ላይ አታድርጉት። «ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት» በሉና ተገላገሉ።

ቀንና ወር ሲጻፍ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ብር ያስከፍላል። ጥርን «ጃንዋሪ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። ጥር ግን ጃንዋሪ አይደለም። ጃንዋሪ የሚያልቀው በአብዛኛው ዓመት ጥር 23 ነው፤ ጥር 30 ደግሞ ፌብሩዋሪ 7 ነው። «በወሩ መጨረሻ አስረክባለሁ» ስትሉ የበርሊኗ ኃላፊ በልቧ የያዘችው ቀን ከእናንተው በአንድ ሳምንት ይቀድማል። «7/8/2018» የሚል ነገርም አትጻፉ። ወሩ የቱ ነው? ዓመቱ የማን ነው? የወሩን ስም በፊደል ጻፉና «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ጨምሩበት።

እርምጃ 5፦ መብራትና ኔትዎርክ ሳይሄድ ተዘጋጁ

መብራት መጥፋቱ ጥፋታችሁ አይደለም። ሳይነግሩ መጥፋት ግን በእጃችሁ ያለ ነገር ነው።

ስልካችሁ ላይ አንድ መልእክት አስቀድማችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡ፦ «መብራት ጠፍቷል። በስልክ ዳታ እሠራለሁ፣ ቪዲዮ አይሆንልኝም። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ እደውላለሁ።» ሲጠፋ መላክ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ጭራሽ ከሌለ በኤስኤምኤስ ላኩት፤ እሱ ዳታ አይፈልግም። ስለዚህ የሁለት ባልደረቦች ስልክ ቁጥር በወረቀትም ቢሆን ይኑራችሁ። ቴሌግራም ላይ ብቻ የምታውቁትን ሰው ኔትዎርክ ሲሄድ ማግኘት አትችሉም።

እኔ ሁለት ሲም እይዛለሁ፤ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው የሳፋሪኮም። አንዱ ሲደክም ሌላውን አበራለሁ። ለዋይፋይ ሳጥኑም የምትሆን ትንሽ ባትሪ ገዝቻለሁ። ጀነሬተር ያለው ካፌም ቀድሜ አይቼ ይዣለሁ። ስብሰባው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው በባጃጅ ከአቶቴ ወደ ፒያሳ መሮጥ ዝግጅት አይደለም።

ኔትዎርኩ ሲያነክስ መጀመሪያ ቪዲዮውን አጥፉ። ለድምፅ ብቻ በሰከንድ 100 ኪሎቢት ይበቃል። በሰዓት ሲሰላ በአንድ አቅጣጫ 45 ሜጋባይት ገደማ ነው። 600 ኪሎቢት የሚወስድ ቪዲዮ ደግሞ 270 ሜጋባይት ይበላል። ይህም መላኩ ብቻ ነው፤ መቀበሉ ለብቻው ነው። ቪዲዮ ስታጠፉ ግን «ኔትዎርኬ ስለደከመ ካሜራ አጥፍቻለሁ፣ እየሰማሁ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ያለዚያ ጥቁሩን ሳጥን ያየ ሰው ጥላችሁ የሄዳችሁ ይመስለዋል።

እርምጃ 6፦ ስብሰባውን አሳጥሩ፣ ዝም ያለውን አናግሩ

ከስብሰባው አንድ ቀን በፊት ሦስት መስመር ላኩ። ምን እንወስናለን? ማን ምን አንብቦ ይምጣ? ስንት ደቂቃ ይወስዳል? መልስ ከሌላቸው ስብሰባው አያስፈልግም፤ በመልእክት ያልቃል። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይዘጋል። ነፃው ጉግል ሚት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲሆን 60 ደቂቃ ይሰጣል። እኛ የ40 ደቂቃዋን ወደናታል። ሰላምታው 5 ደቂቃ፣ ሥራው 30፣ የመጨረሻዋ 5 ማን ምን እንደሚሠራ ለመድገም።

የማትናገሩ ከሆነ ማይክ ዝጉ። የባጃጅ ጥሩምባ፣ የጎረቤት ዶሮ፣ የልጅ ለቅሶ፣ ሁሉም ሰው ጆሮ ውስጥ ነው የሚገባው። ድምፅ ዘግይቶ ስለሚደርስ አንድ ሰው ሲጨርስ በልባችሁ እስከ ሦስት ቆጥራችሁ ተናገሩ። አለዚያ ሁለት ሰው ባንድ ላይ ይጀምርና «ቀጥል»፣ «አይ አንቺ ቀጥይ» ሲባባሉ ጊዜው ያልቃል።

እኛ አገር ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም። መልካም ልማድ ነው። ስብሰባ ላይ ግን ሥራውን በእጇ የያዘችው ትንሿ ሠራተኛ ዝም ብላ፣ ሥራውን የማያውቀው አለቃ ሲወስን አይቻለሁ። «ጥያቄ ያለው አለ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ማንም አይመልስም። ስም ጥሩ። «አንቺ ከደንበኞቹ ጋር ስለምትነጋገሪ፣ ይህ ነገር እንዴት ይታይሻል?» በሉ። ከአዲሶቹ ጀምራችሁ ወደ ነባሮቹ ሂዱ። አለቃ መጨረሻ ይናገር፤ እሱ ቀድሞ ከተናገረ የሌላው ሐሳብ እዚያው ይሞታል። በስብሰባ መናገር ለሚከብደው ሰው ደግሞ ቀድሞ በጽሑፍ እንዲልክ ዕድል ስጡ። ቡድናችን ውስጥ የተሻሉት ሐሳቦች አንድም ቀን ካሜራ ከማታበራ ልጅ የመጡ ናቸው።

ቋንቋም አለ። አንድ ሰው እንኳ አማርኛ የማይሰማ ካለ በመሀል በአማርኛ መቀጠል ፊቱ መንሾካሾክ ነው። አንዳንዴ ነገሩ በአማርኛ ካልሆነ አይብራራም። ያኔ «ሁለት ደቂቃ በአማርኛ እናውራ፣ ወዲያው እተረጉምላችኋለሁ» በሉና በእርግጥም ተርጉሙ። ሐዋሳ ላይ ሁለት ሰዎች በሲዳሙ አፎ፣ አዳማ ላይ በአፋን ኦሮሞ ሲነጋገሩም ያው ነው። በራስ ቋንቋ ማውራት ነውር የለበትም፤ ሌላውን በር ላይ ማስቀረት ግን ይጎዳል።

ስብሰባው ባለቀ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው ይህን ግሩፑ ላይ ያስፍር፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። ጸሐፊው በየሳምንቱ ይቀያየር። ሁልጊዜ ለሴቷ አትስጧት።

እርምጃ 7፦ ቅር ሲላችሁ ደውሉ

የሚያናድድ መልእክት ሲደርሳችሁ መልሱን አትጻፉ። ተነሱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ተመልሳችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ንባብ ላይ ቁጣው የናንተው ግምት ሆኖ ይገኛል። ሰውየው ታክሲ ውስጥ ሆኖ በአንድ እጁ ነው የጻፈው።

አሁንም ቅር ካላችሁ ደውሉ። «መልእክትህን አንብቤ ትንሽ ቅር አለኝ። ምናልባት በደንብ አልገባኝ ይሆናል፣ ምን ማለትህ ነበር?» በሉ። በጽሑፍ ሦስት ጊዜ ከተመላለሳችሁና ካልተግባባችሁ አራተኛውን አትጻፉ። ድምፅ ሲሰማ ነገር ይበርዳል።

ስህተትን በግል፣ ምስጋናን በግሩፕ ተናገሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የተጻፈው ደግሞ ከአፋፍም አልፎ ስክሪንሾት ይሆናል። ቴሌግራም ላይ የተሰረዘ ነገር ቀድሞ ያነበበው ሰው ልብ ውስጥ አይሰረዝም።

እርምጃ 8፦ ሐዘኑንም በዓሉንም ንገሩ

ቢሮ ውስጥ ጥቁር የለበሰ ሰው ሲገባ ማንም አይጠይቅም። ሁሉም ተነስቶ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል። ከርቀት ልብሳችሁ አይታይም። አንዲት ባልደረባችን አጎቷን ቀብራ በሁለተኛው ቀን ስብሰባ ገባች። ለምን ዘገየሽ ተብላ ስትጠየቅ ምንም አልመለሰችም። ከወር በኋላ ነው የሰማነው። ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። ዛሬም ይከነክነኛል።

ስለዚህ አንድ መስመር ጻፉ። የውጭ ባልደረባ ለቅሶ መድረስ ምን እንደሆነ አያውቅም። ስንት ቀን እንደሚወስድ ንገሩት፦ «የቅርብ ዘመድ አርፎብኛል። በባህላችን ሦስት ቀን ከቤተሰብ ጋር እቀመጣለሁ። ሐሙስ እመለሳለሁ። አስቸኳይ ነገር ካለ እገሌ ይዟል።» እንዲህ ያለ መልእክት ለናንተ ሲደርሳችሁም ደውሉ። አዳማ ያለ ሰው ለሐዋሳ ለቅሶ መምጣት ባይችል ድምፁን ማሰማት ይችላል።

በየመስከረሙ የበዓላቱን ዝርዝር ለቡድኑ ላኩ፤ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል መስከረም 17፣ ገና፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ፋሲካ። የሙስሊም በዓላት በጨረቃ ስለሚወሰኑ አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ሊሉ እንደሚችሉ ጻፉ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም ቀኑ በየዓመቱ የሚወሰነው ከዋክብትን በሚያዩ አዋቂዎች፣ በአያንቶዎች ነው። ያን ሰሞን ከተማው ሌላ ነው፤ ሥራ አትቀጥሩ።

ደግሞ ትንሽ ጨዋታ ይኑር። አንድ ጠዋት አሞራ ገደል ሄጄ ዓሣ አጥማጆቹ ዙሪያ የቆሙትን አባ ኮዳዎች ፎቶ ለግሩፑ ላክሁ። የበርሊኗ ኃላፊዬ ሰው የሚያህል ወፍ አይታ አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰኞ ስብሰባ የሚጀመረው «አባ ኮዳ እንዴት ነው?» በሚል ነው። ያ አምስት ደቂቃ ከባድ ነገር ለመነጋገር ይረዳናል። የማያውቁትን ሰው «ተሳስተሃል» ማለት ከባድ ነው። የሚያውቁትን ይቀላል።

እርምጃ 9፦ ዓርብ ከሰዓት አምስት መስመር ጻፉ

ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ የምትሞክሩ ከሆነ ይህን ሞክሩ። ዓርብ 10 ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ፣ አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ለቡድኑ ላኩ። ምን ጨረስኩ? ምን ተረፈኝ? የት ተይዣለሁ? ከማን ምን እፈልጋለሁ? በሚቀጥለው ሳምንት መቼ አልኖርም? የኔ ያለፈው ዓርብ ይህ ነበር፦

«ሰላም ሁላችሁም፣ እንዴት ዋላችሁ? የወሩ ሪፖርት አልቋል፤ የጋራ ሰነዱ ላይ አለ። የአዳማ ደረሰኞች ውስጥ ሁለቱ አልተገኙም፤ ያለ እነሱ ዘግቼዋለሁ፣ ገጽ 3 ላይ ጽፌዋለሁ። የባንኩ ቁጥር አሁንም በ40 ብር ይለያል፤ ሰኞ የሚያየው ሰው እፈልጋለሁ። ረቡዕ ጠዋት እስከ 5 ሰዓት፣ በውጭ 11:00፣ አልኖርም፤ እናቴን ሐኪም ቤት እወስዳለሁ፣ ስልኬ ክፍት ነው። መልካም ሰንበት።»